ነፍሰ ጡርና ኪንታሮት

ኪንታሮት በፊንጢጣ ውስጥ ያሉ የደም ሥር ትራሶች አብጠው፣ ተለጥጠው ወደ ታች ሲንሸራተቱ የሚፈጠር ሕመም ነው። ትራሶቹ በራሳቸው በሽታ አይደሉም፤ ሰው ሁሉ ይዟቸው ይወለዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሲሆኑ አንዱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ በኩል ከፊትና ከኋላ ይገኛሉ። ሥራቸው ፊንጢጣን ገጥሞ መዝጋት ነው። አንድ ሰው ሳያስበው ጋዝና ፈሳሽ እንዳያመልጠው ከሚይዘው ግፊት ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን የሚያዋጡት እነሱ ናቸው። ሕመም የሚሆኑት ደም ሲጠራቀምባቸውና ደግፎ የያዛቸው ሥጋ ሲላላ ነው።

በፊንጢጣ ቦይ ውስጥ ጥቂት ገባ ብሎ አንድ መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ ያለው ክፍል ሕመም የሚያሳውቅ ነርቭ ስለሌለው የውስጥ ኪንታሮት ብዙ ጊዜ አያምም፤ የሚታወቀው ከሰገራ በኋላ በሚንጠባጠብ ደማቅ ቀይ ደም ወይም ወደ ውጭ በሚወጣ ሥጋ ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ግን እንደ ማንኛውም ቆዳ ስለሆነ የውጭ ኪንታሮት ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ያማል። ሐኪሞች የውስጡን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፦ ከውስጥ የማይወጣ፣ ሲያምጡ ወጥቶ በራሱ የሚመለስ፣ በእጅ ካልገፉት የማይመለስ፣ በመጨረሻም ጨርሶ የማይመለስ። በእርግዝና ጊዜ የሚታየው አብዛኛው ከመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች አያልፍም። ሕክምናውም በዚያው ልክ ቀላል ነው፤ ችግሩ ሳይነገር ሲቆይ ወይም እጁ ለማይታወቅ አካሚ ሲሰጥ ነው።

እርግዝናና ኪንታሮት የሚገናኙበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። ማህፀን እያደገ ሲሄድ ከእግርና ከዳሌ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫነዋል፤ መመለስ ያለበት ደም ከታች ይከማቻል። የእናትየዋ የደም መጠንም ከወትሮው ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። በዚህ ላይ ፅንሱ በማህፀን እንዲጸና የሚያደርገው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን የማህፀንን ጡንቻ ሲያላላ የአንጀትንና የደም ሥርን ግድግዳ አብሮ ያላላል። የላላ አንጀት ሥራው ይዘገያል፤ ሰገራ በውስጡ በቆየ ቁጥር ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል። የደረቀ ሰገራ ማማጥን ያመጣል፤ ማማጥ ደግሞ ያበጡትን ትራሶች ወደ ታች ይገፋቸዋል። ስለዚህ ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ወራት እምብዛም ሳይታይ ከሰባተኛው ወር ወዲህ ይበረታል።

ምን ያህል ሴቶች ይታመማሉ ለሚለው፣ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 በመቶ ይላሉ። በፈረንሳይ 165 ሴቶችን ተከታትሎ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት 9 በመቶ የሚሆኑት፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 35 በመቶ የሚሆኑት ደም የረጋበት ኪንታሮት ወይም የፊንጢጣ መሰንጠቅ እንደነበረባቸው አሳይቷል። ከሁሉ በላይ ተጋላጭ የነበሩት በድርቀት የሚቸገሩት ናቸው። ይህ ግኝት ሕክምናው ከየት መጀመር እንዳለበት ይጠቁማል።

በሩ ላይ የሚነገረው ሕመም

የጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ክፍል ጠዋት ጠዋት ይሞላል። ሚድዋይፏ የደም ግፊት ትለካለች፤ የማህፀኑን ከፍታ በሜትር ትለካለች፤ የፅንሱን የልብ ምት ታዳምጣለች፤ የወሩን የአይረን እንክብል ትሰጣለች። «ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?» ስትል መልሱ በአብዛኛው «ኧረ ምንም የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ነፍሰ ጡሯ ጫማዋን አጥልቃ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የበሩን እጀታ ከያዘች በኋላ ነው ዞር የምትለው። «ሲስተር፣ አንዲት ነገር ነበረችኝ… መቀመጥ አቃተኝ እኮ።»

ይህ አረፍተ ነገር እስኪነገር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አልፈዋል። ቦታው የሚታፈርበት ነው፤ ለባልም ለእናትም አይነገርም። ብዙዎች ደግሞ ኪንታሮትን ብርድ ያመጣው ነገር አድርገው ስለሚቆጥሩት ከእርግዝናው ጋር አያገናኙትም። ለመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ ጮክ ብሎ መናገር ከሕመሙ ይብስባቸዋል።

ልምድ ያላት ሚድዋይፍ ሴትየዋን መልሳ ታስቀምጥና ጥያቄዎቿን በቀጥታ ትጠይቃለች። «በየስንት ቀኑ ነው ውጭ የምትወጪው? ታምጫለሽ? ደም አይተሻል? ሲያልቅ ነው የሚንጠባጠበው ወይስ ከሰገራው ጋር ተቀላቅሎ ነው? የሚወጣ ነገር አለ? ሲወጣ በራሱ ይገባል?» ከዚያ ምርመራው ይከተላል። ነፍሰ ጡሯ በግራ ጎኗ ትተኛለች፤ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ታጥፋለች፤ ከወገቧ በላይ በአንሶላ ትሸፈናለች። በግራ ጎን መተኛቱ ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫነው ያደርጋል። በደንብ በበራ መብራት የፊንጢጣን ዙሪያ ማየት ብቻ ብዙ ነገር ይለያል። ለስላሳ፣ ሮዝማና እርጥብ ሆኖ የወጣው የውስጥ ኪንታሮት ነው። የሽምብራ ፍሬ ወይም ከዚያ ከፍ የሚል መጠን ያለው፣ ሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ጠጣርና ሲነኩት የሚያስጮህ ከሆነ ደም የረጋበት የውጭ ኪንታሮት ነው። እብጠት ሳይኖር ሰገራ በወጣ ቁጥር እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም ካለ ምናልባት የፊንጢጣ መሰንጠቅ ይሆናል። የሞቀ፣ የቀላና ትኩሳት ያለው እብጠት መግል የቋጠረ ነው። በብዛት የተበተኑ ሸካራ ትናንሽ እብጠቶች ደግሞ በቫይረስ የሚመጡና በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ ሊሆኑ ይችላሉ። የእያንዳንዱ ሕክምና ለየቅል ስለሆነ ሳያዩ ቅባት ማዘዝ ተገቢ አይደለም።

ከሁሉ በፊት መረጋገጥ ያለበት ግን ደሙ ከየት እንደመጣ ነው። ሆዷ የገፋ ሴት በውስጥ ልብሷ ላይ ደም አይታ «ኪንታሮቴ ነው» ብላ ቤቷ ልትቀመጥ ትችላለች። ደሙ ከማህፀን ከሆነ ግን የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ተቀምጦ ወይም ያለጊዜው መላቀቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ለእናትም ለልጅም ሕይወት አስጊ ናቸው። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ መጥረግ ፍንጭ ይሰጣል። ጥርጣሬ ካለ ግን ሳይረጋገጥ መቆየት አይገባም።

ሰገራን ማለስለስ

የኪንታሮት ሕክምና ዋናው ክፍል ሰገራን ማለስለስ ነው። ቅባቱ፣ እንክብሉና ሌላው ሁሉ ረዳት ነው። ሰገራው እንደ ድንጋይ ሆኖ በየሦስት ቀኑ እየወጣ የትኛውም ቅባት ዘላቂ መፍትሔ አይሰጥም፤ ሰገራው ሲለሰልስ ግን አብዛኛው ኪንታሮት ያለ ቅባት ይቀላል።

አንዲት ነፍሰ ጡር በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ያስፈልጋታል። የአገር ቤት ማዕድ ለዚህ የሚያንስ አይደለም። አንድ ስኒ የተቀቀለ ምስር ወደ 15 ግራም ይይዛል። ግማሽ አቮካዶ ስድስት ግራም ገደማ፣ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ከሦስት እስከ አምስት ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ ሦስት ግራም ያህል ይሰጣሉ። ሽሮ፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ የአጃ አጥሚት፣ ዘይቱን፣ ብርቱካንና ፓፓያ ሲጨመሩ የቀኑ መጠን ያለችግር ይሞላል። ችግር የሚመጣው በከተማ ኑሮ ቁርሱ ነጭ ዳቦና ሻይ፣ ምሳው ፓስታ ወይም ሩዝ ሲሆን ነው። አሰሩን ግን በአንድ ቀን ከፍ ማድረግ ሆድ ይነፋል፤ በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ቀስ እያሉ መጨመር ይሻላል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በክረምት በብዛት የሚበላው በለስ ከፍሬው ጋር ከመጠን በላይ ሲበላ አንጀት ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ ሰገራ እንደሚዘጋ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ ድርቀት ያለባት ነፍሰ ጡር ልትቆጥበው ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ፣ በምግብ ማስተካከያ ብቻ ድርቀቷ ያልተሻላት ነፍሰ ጡር የስንዴ ፍሩሽካ ወይም ሌላ የአሰር ማሟያ እንድትጠቀም ይመክራል። ፍሩሽካ እዚህ አገር በአብዛኛው የከብት መኖ ነው፤ ለመኖ የተከማቸው ደግሞ ለሰው ምግብ በሚሆን ንጽሕና አይያዝም። ቤት የተፈጨውን ስንዴ ብዙ ሳይነፉ መጋገር ግን ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል።

አሰር ያለ ውሃ ድርቀቱን ያብሳል እንጂ አይፈታም። በቀን ሁለት ሊትር ገደማ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ቆላ ለሚኖሩና በሥራ ለሚያልባቸው ከዚያም በላይ። ጾም ላይ ያለው ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በምግቡ በኩል ነው፤ ሆኖም ሽሮና ምስር፣ ጎመንና ክክ ለአንጀት የሚስማሙ ናቸው። ለድርቀት የሚያጋልጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ መዋሉ ነው። በረመዳንም ያው ነው። በክርስትናም በእስልምናም ለነፍሰ ጡር የሚደረግ ማቅለያ ስላለ ከነፍስ አባት ወይም ከሃይማኖት አዋቂ ጋር ተነጋግሮ ቢያንስ ውሃውን ማስፈቀድ ለእናትም ለልጅም ይበጃል።

በርበሬና ሚጥሚጣ ኪንታሮት ያመጣሉ የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። በጣሊያን ኪንታሮት ያለባቸውን ሰዎች በርበሬና ባዶ እንክብል እያፈራረቁ ሰጥቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በርበሬው ሕመሙን እንዳላባሰ አሳይቷል። ስለዚህ አንዲት ነፍሰ ጡር ወጧን አልጫ ብቻ እንድታደርግ ማስገደድ አያስፈልግም፤ የሚያቃጥላት ከሆነ ትቀንስ። ጫት ግን የተለየ ነው። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ሆድ ያደርቃል፤ ከክብደት በታች ሆኖ ከሚወለድ ሕፃንም ጋር ይያያዛል።

ስለ አይረን እንክብል ጠበቅ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው እንክብል ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም የብረት ማዕድን ይዟል፤ አንዳንዷን ያደርቃል፤ የሰገራዋንም መልክ ያጠቁራል። ብዙዎች ድርቀቱን ሲያዩ ለማንም ሳይናገሩ እንክብሉን ይተዋሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከነፍሰ ጡሮች 29 በመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ እንዳለባቸው አግኝቷል። ደም ያነሳት ሴት ከኪንታሮቷ ጥቂት በጥቂት ደም እየፈሰሳት ሳለ ደም የሚተካውን እንክብል ስትተው፣ በምጥ ሰዓት የምትደርሰው አቅሟ ተሟጥጦ ነው። እንክብሉ ካደረቃት መፍትሔው ለባለሙያ መንገር ነው፤ መጠኑን፣ ዓይነቱን ወይም የሚወሰድበትን ጊዜ መለወጥ፣ ወይም ማለስለሻ መጨመር ይቻላል። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱት እንክብሉን ከነሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቆ መውሰድ ይገባል። የደም መጠን በላቦራቶሪ ሲታይም፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ በሚኖሩ ሴቶች ላይ መለኪያው ከፍ ብሎ መታሰብ እንዳለበት ባለሙያው ሊያስታውስ ይገባል።

ምግብና ውሃ ካልበቁ ማለስለሻ መድኃኒት ይታዘዛል። ኢስፓጉላ የተባለው ዱቄት ወደ ደም ሳይገባ በአንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ሰገራን ያበዛል፤ ነገር ግን በብዙ ውሃ መወሰድ አለበት። ላክቱሎስና ፖሊኢትሊን ግላይኮል ውሃ ወደ አንጀት እየሳቡ ያለሰልሳሉ፤ በእርግዝና ለመጠቀምም ተስማሚ ናቸው። ቢሳኮዲልና ከሰናመኪ የተሠሩ እንክብሎች አንጀትን ስለሚቆነጥጡ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ በባለሙያ ምክር ይወሰዳሉ። ቤት የሚፈላው የሰናመኪ ቅጠል ግን ምን ያህል እንደሚጠነክር አይታወቅም። የጉሎ ዘይት ምጥ ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ኮሶና እንቆቆ ደግሞ በኃይል የሚያስቀምጡና መርዛማነት ያላቸው ስለሆኑ ነፍሰ ጡር አጠገባቸው መድረስ የለባትም። አብሽም ከወጥ ቅመምነት አልፎ እንደ መድኃኒት በብዛት ሲጠጣ በእርግዝና አይመከርም።

መጸዳጃ ቤቱም የሕክምናው አካል ነው። ብዙ ሴቶች፣ በተለይ በገጠርና በጋራ መጸዳጃ በሚጠቀሙ ሰፈሮች፣ ቦታው ስለሚርቅ፣ ስለሚቆሽሽ ወይም በቀን ሰው ስለሚያያቸው ሰገራቸውን እስኪመሽ ይይዛሉ። የተያዘ ሰገራ ይደርቃል። በቤተሰብ ውስጥ ለነፍሰ ጡር ቅድሚያ መስጠት፣ ሲመሽ አብሮ መሄድ፣ ንጹሕ ውሃ ማዘጋጀት ከመድኃኒት ያላነሰ ዋጋ አለው። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ሰገራ የሚያልፍበትን መንገድ ስለሚያቀና ለማውጣት ይረዳል፤ ሆዷ ለገፋ ሴት ግን የሚደገፍ እጀታ ወይም ጠንካራ ገመድ ያስፈልጋል። ወንበር ያለው መጸዳጃ ለምትጠቀመው ከእግሯ ሥር ትንሽ በርጩማ ማስቀመጥ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል። ሰገራ ሲመጣ ወዲያው መሄድ፣ ካልመጣ ሳያምጡ መነሳት፣ ስልክ ይዞ አለመቀመጥ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንጀት የሚነቃው ቁርስ ከተበላ በኋላ ስለሆነ ጥሩው ሰዓት ያ ነው።

ሳፋው፣ ቅባቱና እንክብሉ

ለሕመሙና ለማሳከኩ ቀላሉ ማስታገሻ ለብ ያለ ውሃ ነው። በንጹሕ ሳፋ ውስጥ ውሃው ክርን ሲነከርበት የማያቃጥል ሆኖ ይሞላል፤ ነፍሰ ጡሯ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትቀመጥበታለች፤ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በተለይ ከሰገራ በኋላ። ሙቀቱ ፊንጢጣን የሚያጠብቀውን ጡንቻ ስለሚያላላ ሕመሙ ይቀንሳል። ሳሙና፣ ዴቶል፣ አልኮል፣ ሎሚ አይጨመርበትም። ሳፋው መሬት ላይ ከሆነ ሆዷ ለገፋ ሴት መነሳቱ ከባድ ስለሆነ በርጩማ ላይ ማስቀመጥ ወይም የሚደግፍ ሰው አጠገቧ መኖር አለበት። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ መጠቅጠቅ እንጂ መፈተግ አይገባም። እብጠቱ አዲስና የሚያቃጥል ከሆነ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለ10 ደቂቃ ማሳረፍ ያሳንሰዋል። እንደ ወይባ ጢስ ያለው ከባድ ሙቀት ግን የሰውነትን ውሃ ስለሚያሟጥጥና ሙቀት ስለሚጨምር በእርግዝና ጊዜ መቅረት አለበት።

ቀኑን ሙሉ ቆሞ ወይም ተቀምጦ መዋል እብጠቱን ይጨምራል። በየሰዓቱ ጥቂት መራመድ፣ ሲያርፉ በግራ ጎን መተኛት፣ ከባድ ጀሪካን አለመሸከም ከታች የተጠራቀመውን ደም ያቀሉታል። ውሃ መቅዳትና እንጨት መሸከም በሴቷ ላይ ብቻ በተጣለበት ቤት ይህ ምክር ለባልም መነገር አለበት።

ከቅባቶች መካከል ቫዝሊንና ዚንክ ኦክሳይድ ቆዳውን ከመፋቅ ይጠብቃሉ። ሊዶኬይን ያለበት ቅባት ለጊዜው ያደነዝዛል። ሃይድሮኮርቲዞን ያለበት ደግሞ ማሳከክንና እብጠትን ይቀንሳል፤ ቆዳ ስለሚያሳሳ ግን ከሰባት ቀን በላይ አይቀባም። በካናዳ ሃይድሮኮርቲዞንና ፕራሞክሲን ያለበትን አረፋ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የተጠቀሙ 204 ነፍሰ ጡሮች ከሌሎች ጋር ተነጻጽረው በሕፃናቱ ላይ የተለየ ጉዳት አልተገኘም። ፌኒልኢፍሪን ያለበት ቅባት የደም ሥር ስለሚያጠብብ የደም ግፊት ያለባት ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳታማክር መጠቀም የለባትም። የደም ሥር ያጠነክራሉ ተብለው በእንክብል የሚሸጡት እንደ ዲዮስሚን ያሉት ሕመሙን እንደሚያቀሉ የሚጠቁሙ ጥናቶች ቢኖሩም፣ በእርግዝና ላይ የተደረጉት ጥቂት ስለሆኑ ውሳኔው የሐኪም ነው።

ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚገኙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ጎድተው የእንሽርት ውሃ ሊያሳንሱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ በፅንሱ ልብ አጠገብ ያለውን ዋና የደም መተላለፊያ ያለጊዜው ሊዘጉ ይችላሉ። ዲክሎፌናክ በፊንጢጣ በሚገባ መልክም ስለሚሸጥ፣ ለኪንታሮት የተሠራ መስሏት የምትገዛው እንዳትኖር መድኃኒት ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትናገረው ነፍሰ ጡር መሆኗን ይሁን።

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጎዳና ዳር ኪንታሮትን ያለ ቀዶ ጥገና እንደሚያድኑ የሚናገሩ ማስታወቂያዎች ብዙ ናቸው። የባህል ሕክምና ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ተልባውም ሳፋውም ከቤት የመጡ ናቸው። አደጋው እብጠቱን «የሚያወድቅ» እየተባለ በሚቀባው ቆዳ የሚያቃጥል ቅጠል፣ ሥር ወይም ኬሚካል ላይ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ኪንታሮቱን ብቻ መርጦ አያቃጥልም። ጤናማውን ቆዳና የሚያጠብቀውን ጡንቻ አብሮ ይበላል፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ፊንጢጣን ያጠብበዋል። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ሰገራ ማውጣት ያቅታታል፣ ወይም መቆጣጠር ይሳናታል፤ ይህን ማስተካከል ከመጀመሪያው ሕመም የከበደ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል። የነፍሰ ጡር ሰውነት ደግሞ ደም በዝቶበት ስለሚገኝ በቀላሉ ይደማል፤ ቁስሉ ቢመረዝም ለፅንሱ ይተርፋል። ከወሊድ በኋላ በራሱ ሊጠፋ የሚችል ነገር ይህን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል አይገባም።

ቀዶ ጥገና ሲያስፈልግ፣ ወሊድና ከዚያ በኋላ

የውጭ ኪንታሮት ውስጥ ደም ሲረጋ ሕመሙ ድንገት ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ጣራ ይነካል፤ ከዚያ በአንድ፣ በሁለት ሳምንት እየከሰመ ይሄዳል። በጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከተደረሰና ሕመሙ የማይቻል ከሆነ፣ ቦታው በመርፌ ደንዝዞ የረጋው ደም ከነእብጠቱ ሊወጣ ይችላል። ለነፍሰ ጡርም ለፅንሱም አስጊ አይደለም። ከሦስት ቀን ካለፈ ግን ሕመሙ በራሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ የመቁረጡ ጥቅም ያንሳል፤ ለብ ያለው ውሃ፣ ማለስለሻውና ፓራሲታሞሉ ይሻላሉ።

የውስጥ ኪንታሮትን በላስቲክ ማሰር፣ በመርፌ ማድረቅና ሙሉ ቀዶ ጥገና አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ እንዲቆዩ ይደረጋል፤ ፌኖል ያለበት የማድረቂያ መርፌ በእርግዝና ጨርሶ አይሰጥም። ሥጋው ወጥቶ ታንቆ ከጠቆረ ወይም ደሙ አልቆም ካለ ግን ወሊድን መጠበቅ አይቻልም። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ዘገባ፣ ከ12,455 ነፍሰ ጡሮች መካከል 25ቱ ብቻ ቀዶ ጥገና እንዳስፈለጋቸው፣ አብዛኞቹም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ቦታው ብቻ ደንዝዞ እንደተሠራላቸው፣ በፅንሶቹም ላይ ጉዳት እንዳልደረሰ ያሳያል።

ኪንታሮት በራሱ በኦፕራሲዮን ለመውለድ ምክንያት አይሆንም። በምጥ ጊዜ ሊያብጥና ሊወጣ ይችላል፤ ሕፃኑ ከወጣ በኋላ አዋላጇ በጓንት ቀስ አድርጋ ትመልሰዋለች። በሊትዌኒያ የተደረገ ጥናት ከ20 ደቂቃ በላይ የተራዘመ ማማጥና ከ3,800 ግራም በላይ የሚመዝን ሕፃን ለሕመሙ እንደሚያጋልጡ አግኝቷል። እናትየዋ ግፊያው ሳይመጣ በጩኸት እንድትገፋ ማጣደፍ ስለዚህም ጭምር ጥሩ አይደለም።

የአራስ ቤት ማዕድ ገንፎ፣ ቅቤ፣ ሥጋና አጥሚት ይበዛበታል፤ ጎመንና ፍራፍሬ ግን «ብርድ ነው» ተብሎ ይቀራል። ስፌት ያላት አራስ ደግሞ ይተረተርብኛል ብላ ሰገራ ትይዛለች። ሰገራ ስፌት አይተረትርም። ገንፎው ካልተነፋ የገብስ ዱቄት ቢሠራ፣ ተልባ ቢጨመርበት፣ በየጡት ማጥባቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢጠጣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀላሉ። ላክቱሎስና ኢስፓጉላ ለምታጠባ እናት ይሆናሉ። አብዛኛው ኪንታሮት በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ የሚደማ ወይም የሚወጣ ከሆነ ግን በላስቲክ ማሰር ወይም ቀዶ ጥገና የሚወሰነው ያኔ ነው።

የሚከተሉት ግን ቀጠሮ የሚጠበቅባቸው አይደሉም፦ ደሙ እየበዛ ከሄደ፣ ከሰገራው ጋር ከተቀላቀለ ወይም ራስን ካዞረ፤ የወጣው ሥጋ አልመለስ ብሎ ከጠቆረ፤ ትኩሳት ወይም መግል ከታየ፤ የሰገራ ልማድ ከተለወጠና ክብደት ከቀነሰ፤ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ። ደሙ ከማህፀን ይሁን ከፊንጢጣ ያልለየላት ነፍሰ ጡር ደግሞ ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ትሂድ። በክትትል ክፍል ያሉ ሚድዋይፎችና በየቤቱ የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ነፍሰ ጡሯ በሩ ላይ እስክትዞር ሳይጠብቁ፣ የደም ግፊቷን እንደሚለኩ ሁሉ ስለ ድርቀቷና ስለ ኪንታሮቷ በየቀጠሮው ቀድመው ይጠይቋት።